የጎደሉት ሁለት መስመሮች

በዚያ ዓመት ሁዳዴ ውስጥ፣ ቢቸና በምሠራበት መሥሪያ ቤት ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት የምትቀመጠው ጸሐፊ በየጠዋቱ ወተት ትጠጣ ነበር። ወተቱን በቆርቆሮ ኩባያ፣ በንጹሕ ወረቀት ከድና ከቤቷ ይዛው ትመጣለች። ቤቷ ማለት የተከራየችው አንድ ክፍል ነው፤ ላሟ የአከራይዋ ናት። ቢሮው ሁሉ በባዶ ሆድ ሲያዛጋ እሷ ኩባያውን ታነሳለች። እኔ ደግሞ ነገር የማያመልጠኝ ሰው ነበርኩ፤ ቢያንስ ራሴን የማውቀው እንደዚያ ነበር።

አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ነጥብ አላመጣሁም። ግጥም እጽፋለሁ፤ ማንም አላስተማረኝም። ፕሮግራም መጻፍንም ማንም አላስተማረኝም። ሞጣ ከሚገኝ ፎቶ ኮፒ ቤት ባሳተምኩት፣ ግማሽ ገጹ በደበዘዘ መጽሐፍ ነው የጀመርኩት። የመሬት ይዞታ መዝገቡ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር ይዛወር ሲባል፣ በአካባቢው ከእኔ የተሻለ ስላልተገኘ በኮንትራት ቀጠሩኝ። ፕሮግራሙን ብቻዬን ጻፍኩት። ጸሐፊዋ ከገበሬው ማሳ ላይ ተሞልቶ የመጣውን ቅጽ እያየች ትመዘግባለች፤ ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ሰው የይዞታ ደብተር ያትማል።

እሷ ከወሎ ተመድባ የመጣች ሙስሊም ናት፤ ከእኔ በሦስት ወይም በአራት ዓመት ትበልጣለች። ስትጽፍ ጣቶቿን አታይም። ብዙ አታወራም። ሰው ዝም ሲል የሚደብቀው ነገር ያለው ይመስለኝ ነበርና ዝምታዋም ያጠራጥረኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ከደብረ ወርቅ በኩል አንዲት ሴት መጣች። ጫማዋ የመንገድ አቧራ ለብሷል። በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ደብተር ፈትታ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለችው።

"ይኼን ማነው የጻፈው?"

"ምን ሆነ፣ እትዬ?"

"አንብበዋ። ዓይን አለህ አይደል?"

አነበብኩት። "ባለይዞታ" ይላል፤ ከሥሩ የአንድ ሰው ስም፣ የማሳው ስፋትና አዋሳኞቹ ተዘርዝረዋል። አዲስ ከታተሙት አንዱ ነው።

"ይኼ ሰው አጎታቸው ነው፤ የሟች አባታቸው ወንድም" አለች። "መሬቱ የእህቴ ልጆች ነው። ሁለት ናቸው፤ አባትም እናትም የላቸውም። እሱ ሞግዚት ነው። ልጆቹን ልጠይቅ ብዬ ብሄድ ትልቋ ከሣጥን አውጥታ አነበበችልኝ። 'አክስቴ፣ የእኛ ስም የለም' አለችኝ። የታለ ስማቸው? አንተ ልጅ፣ የታለ?"

ድምጿን የሰማው የቢሮው ኃላፊ ከክፍሉ ወጣ። ሽበት የጀመረው፣ ከመናገሩ በፊት እስክሪብቶውን ሁለት ጊዜ ጠቅ ጠቅ የሚያደርግ ሰው ነው። ከመደርደሪያ ዋናውን ቅጽ አወጣን። ቅጹ ላይ በግልጽ "ሞግዚት" ተብሎ የሁለቱም ልጆች ስም ተጽፏል። ደብተሩ ላይ ግን "ባለይዞታ" ብቻ ነው። በቅጹና በደብተሩ መካከል ያለፈ የሰው እጅ አንድ ነው፤ የጸሐፊዋ። የምትኖረው ደግሞ በዚያው አጎት ግቢ፣ የእሱን አንድ ክፍል ተከራይታ ነው። ሁላችንም ይኼን እናውቃለን። ሁላችንም ኩባያዋን አየን።

"ሞግዚት ብዬ ነው የመዘገብኩት" አለች ቀስ ብላ። "የልጆቹንም ስም ሁለቱንም አስገብቻለሁ። ወላሂ።"

ኃላፊው እስክሪብቶውን ጠቅ ጠቅ አድርጎ ወደ እኔ ዞረ። "ማሽኑ ምን ይላል?"

ማሽኑን የምጠይቅበት መሣሪያ ነበረኝ። ዲበገር ይሉታል፤ ፕሮግራሙን መንገድ ላይ አቁሞ በዚያች ቅጽበት ሆዱ ውስጥ ያለውን የሚያሳይ ነው። በፕሮግራሜ ውስጥ "ባለይዞታ" የሚባል ዓይነት ሠርቼ ነበር፤ ስም፣ ማሳና አዋሳኝ ይይዛል። ከእሱ ደግሞ "ሞግዚት" የሚባል ዓይነት አወጣሁ፤ ባለይዞታ ያለው ሁሉ አለው፣ በዚያ ላይ የሚጠብቃቸውን ልጆች ስም ይጨምራል። መዝገቡ በዓይን የሚነበብ ጽሑፍ ስላልነበረ የገባውን ለማየት ሌላ መንገድ አልነበረኝም። ጸሐፊዋ ያስገባችው መረጃ ተነብቦ ወደ ውስጥ በሚገባበት ቦታ አቆምኩትና ዓይነቱን ጠየቅኩት።

"ባለይዞታ" አለ።

"ባለይዞታ ነው የሚለው" አልኩ። ድምፄ ውስጥ ደስታ ነበረበት፤ ዛሬም ትዝ ይለኛል። ኃላፊው ወረቀት አቀረበልኝ። ያየሁትን ጽፌ ፈረምኩ። ጉዳዩ ለዓርብ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ተቀጠረ። ጥፋተኛ ከተባለች ከሥራ ትባረራለች፣ ፋይሉም ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል። ለዚህ ሁሉ የነበረው ማስረጃ የእኔ ወረቀት ነው።

በዚያው ቀን ከምሳ በፊት፣ በተበላሸ ህትመት ጀርባ ላይ ሁለት መስመር ጻፍኩ፦

ጠዋት ጠዋት ወተት ከየት ነው ብትሉ፤
የሙት ልጅ ማሳ ነው የላሟ ሣር ሁሉ።

ሻይ ክበብ ውስጥ ለአንድ የሥራ ባልደረባዬ ብቻ አነበብኩለት። ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ዘበኛው ራሱ ግጥሟን ሲላት ሰማሁ። እንደዚያ ቀን ተደስቼ ወደ ቤቴ ገብቼ አላውቅም። እስከዚያ ቀን የጻፍኩትን ግጥም ከእኔ ሌላ በቃሉ የያዘው ሰው አልነበረም።

ረቡዕ ጸሐፊዋ ያለ ኩባያ መጣች። ማስረጃውን ደበቀች አልኩ በልቤ። አላስችል አለኝ።

"ዛሬ ወተት የለም?"

እጇን ከመጻፊያው ላይ አነሳች። "የምትጦሙት እናንተ ናችሁ። ላሟ አትጦም። የአከራዬ ሚስት ከምትንጠው ላይ ቀንሳ ጾም ለሌለበት ሰው ትሰጣለች። ይኼን ለጎጃም ሰው ከወሎ የመጣሁት እኔ ላስረዳ?"

እኛ ቤትም በሁዳዴ ከሚታለበው ለሙስሊም ጎረቤቶቻችን ይደርሳቸው ነበር። በቅል አድርጌ የማደርሰው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ደጃቸው ላይ ቆሜ ባዶውን ቅል እስኪመልሱልኝ የምጠብቀው እኔ። ይኼን ሁሉ እያወቅኩ ኩባያዋን ባየሁ ቁጥር ጉቦ ነው የታየኝ። እንደዚህ ያለውን ነገር ያሳየኝ ዓይን ሌላ ምን አሳስቶኝ ይሆን አልኩ። መጀመሪያ ራሴን የጠረጠርኩት ያን ጊዜ ነው።

አንዴ ከጀመርኩ መጠርጠር አላቆምም። ከጥቂት ሳምንታት በፊት የነበረ አንድ እሑድ ትዝ አለኝ። ደብተሮቹ ለባለቤቶቻቸው ከመሰጠታቸው በፊት፣ ተቃውሞ ያለው እንዲናገር ከፕሮግራሙ የታተመው ዝርዝር በቀበሌው ግድግዳ ላይ ይለጠፋል፤ ከቅዳሴ በኋላም ለሕዝቡ ይነበባል። ያነበብኩት እኔ ነበርኩ። የአጎትየውን ስም "ባለይዞታ" ብዬ ስጠራ ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሳል ያዛቸው። ደረቅ፣ አጭር ሳል። አጎትየው ከጎናቸው ቆሞ መሬት መሬት ያያል። ማንም አልተናገረም፤ ወደሚቀጥለው ስም አለፍኩ።

ከሥራ ስወጣ ሽማግሌውን ከደጃቸው አገኘኋቸው።

"አባባ፣ ያን እሑድ ስህተቱን አውቀውት ነበር?"

"ምኑን?"

"መሬቱ የልጆቹ መሆኑን።"

"እንዴታ! ያን የማያውቅ ማን አለ?"

"ታዲያ ለምን ዝም አሉ?"

ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩት። "አንተ የማን ልጅ ነህ? ሰውየው ከጎኔ ቆሞ 'የሙት ልጆቹስ?' ብዬ ልጠይቅ? ሊበላቸው ነው ብዬ በሕዝብ ፊት መስደቤ አይደለም? አገር የሚያውቀውን ወረቀት ቢረሳው ምን ይሆናል ብዬ ነው። ሳልኩ። ሳሌን የሰማ ይስማ።"

ሳላቸውን የሰማሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ እኔ ደግሞ ብርድ መስሎኝ ነበር። ተሰናብቻቸው ስሄድ አንድ ጥያቄ ያዘኝ። በዚያ ዝርዝር ውስጥ ሌሎች ሞግዚቶችም ነበሩ። "ሞግዚት" የሚል ቃል ያን እሑድ ከአፌ ወጥቷል? አንድም ጊዜ አልወጣም።

ሐሙስ ጠዋት መዝገቡንና ፕሮግራሙን በፍላሽ ይዤ ወደ ሞጣ ሄድኩ። ቢቸና ኔትወርክ ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነበር፤ ከዚያ ቅርብ የሚጠየቅ ሰው ደግሞ አልነበረም። ሞጣ ኮምፒውተር የሚያስተምር፣ ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ መምህር አውቅ ነበር። ቅጥቅጡ አውቶቡስ ከደብረ ወርቅ በኋላ እየዘለለ ሲሄድ ፍላሹን ከካልሲዬ ውስጥ አስገብቼ በጫማዬ አጥብቄ ያዝኩት። መምህሩ ፕሮግራሜን ገልብጦ የእኔ ነው ቢልስ? ጉዴን ላስፈትሽ እየሄድኩ ስለ ሌባ እጨነቃለሁ።

መምህሩ ከየት እንደመጣሁ ስነግረው ሳቀ። "ከቢቸና? ያቺ የወተቷ ግጥም የእናንተ ቢሮ ናት አሉ። 'የሙት ልጅ ማሳ ነው የላሟ ሣር ሁሉ!' ማን ጻፋት?"

በሁለት ቀን ሞጣ ደርሳለች። ማን እንደጻፋት አልነገርኩትም። ኮራሁም፣ ፈራሁም። ፍላሹን አውጥቼ ሰጠሁት፤ ዓይኔን ግን ከእጁ ላይ አላነሳሁም።

የሠራሁትን ደግሜ አሳየሁት። በዚያው ቦታ አቆምኩት፣ በዚያው ትእዛዝ ጠየቅኩት። ዲበገሩ አሁንም "ባለይዞታ" አለ።

"ይኼን አይተህ ነው የፈረምከው?"

"አዎ፣ መምህር።"

"ዛሬ ስትመጣ መናኸሪያ ላይ ስምህን በምን ያዙት?"

"በተሳፋሪነት።"

"ገጣሚ መሆንህን የመናኸሪያው ዝርዝር ያውቃል?"

"ከየት አውቆ!"

"ይኼም ዝርዝሩን ነው ያነበበልህ። ሞግዚትም ይምጣ ባለይዞታም በአንድ በር እንዲገቡ አድርገህ፣ በሩ ላይ 'ባለይዞታ' ብለህ የጻፍከው አንተ ነህ። ዲበገሩ በሩን አነበበ። የገባውን ሰው አልጠየቀውም፤ ጠይቀው ካላልከው አይጠይቅም።"

አንድ መስመር ትእዛዝ ጻፈ። ዲበገሩ በሩ ላይ የተጻፈውን ትቶ፣ በዚያች ቅጽበት እዚያ የተገኘው ነገር ራሱ በእርግጥ ምን እንደሆነ እንዲመረምር የሚያዝ ነው። እንዲህ ያለ ነገር መኖሩን አላውቅም ነበር፤ መጽሐፌ ላይ ምናልባት ከደበዘዙት ገጾች አንዱ ነው።

"ዕድለኛ ነህ" አለ። "ባለይዞታም ሞግዚትም ደብተራቸውን በየራሳቸው መንገድ እንዲያትሙ አድርገህ ስለጻፍክ፣ እያንዳንዳቸው የዓይነታቸውን ምልክት ይዘው ነው የሚዞሩት። ያን ባታደርግ ዲበገሩም የሚይዘው ምልክት አያገኝም ነበር።"

እንደገና አስነሳነው፤ በዚያው ቦታ አቆምነው። "ሞግዚት" አለ። ከሥሩ አምስት መስመር ዘረዘረ፤ ስም፣ ማሳ፣ አዋሳኝ፣ የመጀመሪያው ልጅ፣ ሁለተኛው ልጅ።

ጸሐፊዋ እውነቷን ነው።

መምህሩ ቀጠለ። ፕሮግራሙ ያነበበውን ሰው ለህትመት ከሚያዘጋጀው ዝርዝር ውስጥ ያስገባል። አንድ እርምጃ አራምዶ፣ ዝርዝሩ ውስጥ የገባውን ጠየቀው። "ባለይዞታ" አለ። ሦስት መስመር።

"አየህ? ዝርዝሩን ስትሠራ ቦታዎቹን በባለይዞታ ልክ ነው የሰፋሃቸው። ሞግዚቱን ወደዚያ ስትገለብጠው የሚበቃው ያህል ገባ፣ የተረፈው ተቆርጦ ቀረ። ማሽኑ ስህተት ነው ብሎ አይጮህም፤ አንተ ያልከውን ነው ያደረገው። ስትሞክረው አላየኸውም?"

ስሞክረው ያስገባሁት የአባቴን መሬት ብቻ ነበር። አባቴ ባለይዞታ ነው።

የቀሩትን አንድ በአንድ ፈተሽን። ከአጎትየው ሌላ ዘጠኝ ሞግዚቶች ነበሩ። ሁሉም ሲገቡ ሞግዚት ናቸው፤ ሲታተሙ ባለይዞታ። አንዳቸውም ደብተሩን መልሰው "ተሳስታችኋል" አላሉም። ከእነሱ ስንቱ ማንበብ አቅቶት ዝም አለ? ስንቱ አንብቦ ዝም አለ? ይኼን የሚያሳይ ዲበገር የለም።

ዓርብ ኮሚቴው ፊት ቀረብኩ። ጸሐፊዋ ጥግ ላይ እጆቿን አጣጥፋ ተቀምጣለች፤ አክስትየዋም ለምስክርነት ተጠርታለች። የፈረምኩት ወረቀት ስህተት መሆኑን፣ ጥፋቱ የፕሮግራሜ መሆኑን ተናገርኩ።

ኃላፊው እስክሪብቶውን ጠቅ ጠቅ አደረገ። "ማክሰኞ ፈረምክ። ሐሙስ ሳታስፈቅድ ጠፋህ። ዓርብ ቃልህን ለወጥክ። በመካከሉ ማን አነጋገረህ?"

"ማንም፣ ጋሼ።"

"ወይስ ወተቱን አንተም ቀመስከው?"

ሁሉም ሳቁ፤ ከሁለት ሴቶች በቀር። የራሴ ግጥም ነው ዞሮ የመጣብኝ። ምን እንደሚያደርግ እንዲህ ከፊት ሆኜ አይቼው አላውቅም ነበር፤ ምንም ብናገር መልሱ አስቀድሞ ተገጥሟል።

ላፕቶፑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና "እትዬ፣ ይምጡ እዚህ ይቀመጡ" አልኩ። አክስትየዋ እየጠረጠረችኝ መጣች። ስሙን፣ ማሳውን፣ አዋሳኙንና የሁለቱን ልጆች ስም ራሷ እየነገረችኝ አስገባሁ። የጸሐፊዋ እጅ አልነካውም። በመጀመሪያው ቦታ አቆምኩ፣ አሳየኋት። አንድ እርምጃ አራመድኩ፣ አሳየኋት። የላቲን ፊደል አታውቅም። ጣቷን ግን በስክሪኑ ላይ እያወረደች ቆጠረች።

"ላይኛው አምስት ነው።"

"አዎ።"

"ታችኛው ሦስት።" ጣቷ ቆመ። "ሁለቱ የት ገቡ?"

"ልጆቹ ናቸው፣ እትዬ።"

ስክሪኑን ትታ እኔን አየችኝ። "የበላቸው ይኼ ዕቃ ነው?"

"ዕቃው አይደለም። እኔ ነኝ የጻፍኩት።"

ኮሚቴው ሌሎቹንም ዘጠኙን ተራ በተራ እንዳሳይ አደረገኝ። በአራተኛው ላይ ኃላፊው እስክሪብቶውን ኪሱ አስገባ። ጸሐፊዋ ነጻ ተባለች። የእኔ ወረቀት ተሰረዘ፣ በምትኩ ማስጠንቀቂያ ተጻፈልኝ። ፕሮግራሙን ያን ሳምንት አስተካከልኩት፤ አሥሩም ደብተሮች ተጠርተው እንደገና ታተሙ። አጎትየው ደብተሩን ሲመልስ ከእጁ ለማስለቀቅ ትንሽ ሳብ ማድረግ ነበረብኝ። ወይም ለእኔ እንደዚያ መሰለኝ። ከዚህ በላይ ስለ እሱ ምንም አልጽፍም።

ሰኞ ጸሐፊዋን ይቅርታ ጠየቅኳት። ለእሷ የጻፍኩት ሌላ ግጥም በኪሴ ነበር፤ ወረቀቱን ሳወጣ እጇን አንስታ አቆመችኝ።

"ሌላ ግጥም? ኧረ በአላህ ተወኝ!" አለች። ቀጥላም፣ "የመጀመሪያውን መልስልኝ።"

"እንዴት አድርጌ?"

"እንዳሰራጨኸው። በየክፍሉ ግባና ውሸት ነው፣ የጻፍኩትም እኔ ነኝ በል። በአፍህ።"

ገባሁ። እሷ በየበሩ ቆማ ትሰማለች። በመጀመሪያው ክፍል ሳቁብኝና "በደንብ ሳንሰማት ነው የምትሰርዛት? በላት እስቲ!" አሉ። ምን እንደምሰርዝ እንዲያውቁ አልኳት። በሁለተኛውም እንዲሁ። ሻይ ክበብ ውስጥ ዘበኛው እኔ ሳልጨርስ ጨረሰልኝ።

በመጨረሻው ክፍል፣ በመዝገብ ቤቱ፣ አዲስ የተቀጠረ ሰው ብቻውን ተቀምጦ ነበር። ነገሩን ሁሉ ነገርኩት፤ የሙት ልጆቹን፣ የተቆረጡትን ሁለት መስመሮች፣ የጾሙን ወተት፣ የእኔን ጥፋት። በትሕትና አዳመጠኝ።

"ይቅርታ፣ እኔ አልሰማኋትም" አለ። "ምን የምትል ናት?"

ወደ በሩ ዞር አልኩ። ጸሐፊዋ ታየኛለች። ግጥሟን አልኳት፤ በዝቅተኛ ድምፅ፣ ቤት መምታቷ ሁሉ እንዲበላሽ ቸኩዬ። ሰውየው ግን ጎበዝ አድማጭ ነበር። ዓይኑን ወደ ጣሪያው አንስቶ ከንፈሩን ማንቀሳቀስ ጀመረ፤ "ከየት ነው ብትሉ" ላይ ደርሶ ቀጣዩን ፈለገው፣ አገኘው።

"በቃ፣ ተወው" አለች ከበሩ። ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ስትጽፍ የጣቶቿ ድምፅ እስከ መዝገብ ቤቱ ይሰማኝ ነበር።